ኦራል ያልሆነው ኦራል

የአክስቴ ልጅ ማታ ደወለልኝ። ድምፁ ሎተሪ የወጣለት ሰው ድምፅ ነው።

«መኪና አገኘሁ!»

«ምን መኪና?»

«ኦራል ነዋ! ንጹህ የደርግ ኦራል። ከጦር መጋዘን የወጣ። ደላላው ‹ከነፕላስቲኩ ነው› ብሎኛል።»

ሰላሳ ምናምን ዓመት የሞላው የጭነት መኪና ላይ ምን ዓይነት ፕላስቲክ እንደሚኖር አልጠየቅኩትም። ደስታውን ማደፍረስ አልፈለግሁም። ይህ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በሰው መኪና ድንጋይና አሸዋ ሲያመላልስ የኖረ ነው። አሁን እቁቡን ዳኛውን ለምኖ ቀድሞ ወስዷል፣ የሚስቱ ወርቅ ተሸጧል፣ እናቱም ለክፉ ቀን ብላ የቋጠረችውን ፈትታለች። ኦራል የፈለገበት ምክንያትም ግልጽ ነው። የድንጋይ ካባ መንገድ የለውም። ሦስቱም አክስል የሚጎትት መኪና ካልሆነ ክረምት ላይ ጭቃው ውስጥ እንደተተከለ መስከረም ይጠባል።

«ቀብድ ከፍለሃል እንዴ?»

«አርባ ሺህ።»

እዚህ ላይ ሆዴን ባር ባር አለው። ምክንያቱም እኔና ኦራል ታሪክ አለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ አምድ ላይ ስለ 1977ቱ ድርቅ አንድ ነገር ጽፌ ነበር። ከጽሑፉ ጋር ፎቶ ወጣ። እህል የጫነ አረንጓዴ መኪና፣ ከፊቱ አቧራ፣ ከኋላው የተሰለፈ ሕዝብ። ከፎቶው ሥር «50 ኩንታል እህል የጫነ ኦራል መኪና» ብዬ ጻፍኩ። ኦራልነቱን ከየት አመጣሁት? ከየትም። አረንጓዴ ነው፣ አፍንጫው ረጅም ነው፣ ጎማው ትልልቅ ነው፤ ታዲያ ሌላ ምን ይሆናል? ሃምሳውን ኩንታል ደግሞ ኦራል አምስት ቶን ይጭናል ሲባል ሰምቼ ነው።

በሳምንቱ አንድ ሽማግሌ ጋዜጣውን አራት ቦታ አጥፈው ቢሮ ድረስ መጡ። ባርኔጣቸውን እንኳን ሳያወልቁ፡-

«ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ ጋሼ፤ ምነው?»

«ይህች መኪና ማን ናት?»

«ኦራል…»

«ዚል ናት! ዚል 131። በኮረኮንች የምትጭነው 35 ኩንታል ነው። አንተ 50 አደረግከው። 15ቱን ኩንታል ማን በላው?»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ፊታቸውን ሳየው ግን አላመለጠኝም። እሳቸው በዚያ ዓመት ዚል ይነዱ የነበሩ የጦር ሠራዊት ሾፌርና መካኒክ ናቸው። አንድ ኩንታል ጎደለ ተብለው ሦስት ቀን ታስረዋል፤ በኋላ የቆጣሪው ስህተት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በየመንገዱ የጫኑትን ሁሉ በጭንቅላታቸው መዝግበው ይኖራሉ። እና እኔ፣ ያን ጊዜ እዚያ ያልነበርኩት፣ በአንድ መስመር ጽሑፍ 15 ኩንታል አጎደልኩባቸው።

«አስፋልት ላይ ሃምሳ ትወጣለች» አሉኝ ሲወጡ፣ ድምፃቸውን ትንሽ ዝቅ አድርገው። «ፋብሪካው መንገድ በሌለበት የፈቀደላት ግን ሦስት ቶን ተኩል ነው። እዚያ አስፋልት የት ነበር?»

እንግዲህ የአክስቴ ልጅ «ንጹህ ኦራል» ሲለኝ መጀመሪያ የመጡልኝ እሳቸው ናቸው። ደወልኩላቸው። «ቅዳሜ ጠዋት ና ውሰደኝ» አሉ፤ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም።

እኛ ሀገር የጭነት መኪና ስም የሚወጣለት እንደ ሰፈር ልጅ ነው፤ አንዴ ከተጠራበት በቃ። ትሬንታ ኳትሮን አስታውሱ። ስሟ የመጣው ፊያት 634 ከሚለው የመጨረሻ ሁለት ቁጥር ነው፤ በጣልያንኛ ሰላሳ አራት ማለት ነው። ኤንትሬም ያው የፊያት 682 ኤን 3 ጅራት ናት። ኢፋ ደግሞ የፋብሪካ ስም እንኳን አይደለም። የምሥራቅ ጀርመን የተሽከርካሪ ፋብሪካዎች ማኅበር ስም ነው፤ በዚያ ስም ሞተር ብስክሌትም ይሠራ ነበር። እኛ ኢፋ የምንለው ደብሊው 50 የሚባለው ነው፤ ደብሊው ማለት መኪናው የተነደፈባት ከተማ ቬርዳው ናት፣ 50 ማለት አምስት ቶን ነው፣ የተሠራው ግን ሉድቪግስፌልደ በምትባል ሌላ ከተማ ነው። አንድ መኪና ሦስት ቦታ ተጠርቶ እኛ ዘንድ ሲደርስ በአራተኛው ሥራውን ይጀምራል። በዚህ አልከፋም። ሕዝብ ስም ማውጣት መብቱ ነው።

የሚከፋኝ የአንዱ ስም ለሁሉም ሲሆን ነው። ወታደራዊ አረንጓዴ የተቀባ ሁሉ ኦራል፣ አፍንጫ የሌለው ሁሉ ኢፋ፣ ሁለቱም ካልሆነ ደግሞ «የራሻ» ይባላል። አንድ ጊዜ የአንድ ክራዝ መኪና ሊብሬ አይቻለሁ፤ የተሠራበት ሀገር በሚለው ላይ «ራሻ» ተብሎ ተሞልቷል። ክራዝ የሚሠራው ክረመንቹክ ነው፤ ክረመንቹክ ዩክሬን ውስጥ ናት። በሶቪየት ጊዜ አንድ አገር ነበሩ፣ ምን ልዩነት አለው ትሉ ይሆናል። መለዋወጫ ለማዘዝ ስትነሡ ልዩነቱን ታገኙታላችሁ፤ በተለይ ከ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ።

ግቢው ከቃሊቲ ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ደላላው በር ላይ ጠበቀን። ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል፣ በሁለት ስልክ ያወራል። ሽማግሌውን ሲያያቸው «ፋዘርም መጡ? ጎሽ፣ ምርቃት ይጨመርልናል» አለ። እሳቸው መልስ አልሰጡትም። ከኪሳቸው የሽቦ ብሩሽ፣ ጨርቅ፣ በትንሽ የመድኃኒት ጠርሙስ የተቀዳ ናፍጣና መነጽር አወጡ። እኔ እንኳን መኪና ሊያዩ የመጡ ሳይሆን ታማሚ ሊያዩ የመጡ መሰሉኝ።

መኪናው ያምራል። እውነቴን ነው። አረንጓዴው ያብረቀርቃል። ኮፈኑ ላይ በእነሱ ፊደል ስሙ ተጽፏል። በነገራችን ላይ ይህን ፊደል አለማንበብ ራሱ የደላላ እንጀራ ነው። ኦራል ተብሎ የተጻፈው ለኛ ዓይን ዋይ፣ ፒ፣ ኤ ብሎ ይጀምራል። የዚል የመጀመሪያ ፊደል ቁጥር ሦስትን ትመስላለች፤ አንድ ረዳት «ሦስት ቁጥር ያለው ራሻ» እያለ ሲጠራው ሰምቻለሁ። አራቱን ፊደል ለመለየት ደግሞ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ሽማግሌው ግን ኮፈኑ ላይ ያለውን ስም ዞረውም አላዩት። «ስም ይለጠፋል» አሉ። «ኮፈን ይቀየራል። ጋቢናም ይቀየራል። አንተ ሰው ኮቱን አይተህ ነው ዘመዱን የምታውቀው?»

መጀመሪያ ከበሩ ማጠፊያ ሥር፣ ዓይን በማያርፍበት ቦታ፣ ቀለሙን በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉት። አዲሱ አረንጓዴ ተነሣ። ከሥሩ ቢጫ ወጣ። ቢጫውን ጫሩት፤ ከሥሩ ሌላ አረንጓዴ፣ የደበዘዘ፣ የቀድሞው።

«ሦስት ቆዳ አለው» አሉ። «ከጦሩ ወጥቶ መንገድ ሥራ ገብቷል። ከዚያ አንተ ዘንድ ሊመጣ ሲል እንደገና ወታደር ሆነ።»

ደላላው ሳቀ። «ፋዘር፣ ቀለም ምን ያደርጋል?»

ቀለም ምን እንደሚያደርግ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከመጋዘን የወጣ ወታደራዊ መኪና ውድ ነው፤ ትንሽ ነው የሠራው ተብሎ ስለሚታሰብ። አሥር ዓመት ጠጠር ሲያመላልስ የኖረ ቢጫ መኪና ደግሞ ርካሽ ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ጥቂት ጋሎን አረንጓዴ ቀለም ነው።

ቀጥለው ጋቢናው ውስጥ ገቡ። የፋብሪካ ሰሌዳ የሚባለውን፣ መዳፍ የምታክለውን ቆርቆሮ ፈለጉ። አለች። ተነባቢ ናት። እንዲያውም ከመጠን በላይ ተነባቢ ናት። «ሚስማሯን እዩት» አሉን። ሰሌዳዋ የቆየች ናት፣ የተመታችበት ሪቬት ግን እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። ይህ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ቀለም ሲቀባ ነቅለው መልሰው መትተውት ሊሆን ይችላል። ከሌላ መኪና መጥታም ሊሆን ይችላል። ሰሌዳ ከመኪናው የምትላቀቅ ወረቀት ናት። የማይላቀቀው ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ነው። መኪናው ሥር ተንጋለው ገቡ፤ ሰባ የሚጠጋቸው ሰው ናቸው። ብሩሹ ሲፋቅ ተሰማ፣ ናፍጣው ተንጠባጠበ፣ ከዚያ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጠሩልኝ፣ እኔ ከሊብሬው ጋር አመሳከርኩ። ገጠመ። የአክስቴ ልጅ ትንፋሹን ለቀቀ።

«ይህ ጥሩ ነው» አሉ ከሥር ሲወጡ። «መኪናው የተሰረቀ አይመስልም። አሁን ሞተሩን ክፈት።»

እዚህ ላይ ትንሽ ታግሣችሁ ስሙኝ። ኦራል የሚሠራው ሚያስ በምትባል የኡራል ተራሮች ከተማ ነው። ፋብሪካው የተተከለው ጀርመኖች ወደ ሞስኮ ሲቃረቡ እ.ኤ.አ. በ1941 ከዚያ ተነቅሎ በተጫነ ማሽን ነው። ከ1961 ጀምሮ የሠሩት 375 የሚባለው ኦራል ባለ ቤንዚን ነው፤ 180 የፈረስ ጉልበት አለው፣ በመቶ ኪሎ ሜትር ከ45 ሊትር በላይ ይጠጣል። ይህንን መኪና ለንግድ የገዛ ሰው ቤንዚን ማደያውን አብሮ መግዛት አለበት። ከ1977 ጀምሮ ደግሞ 4320 የሚባለው ባለ ናፍጣው መጣ። የዚህ ሞተር የሚያስ ሥራ አይደለም፤ ካማዝ ፋብሪካ ናበረዥንዬ ቼልኒ ላይ የሠራው ባለ ስምንት ሲሊንደር ነው። እና በ1985 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. 1993 መሆኑ ነው፣ የካማዝ ሞተር ፋብሪካ በእሳት ወደመ። ሚያሶች ሞተር አጡ። ፊታቸውን ወደ ያሮስላቭል ፋብሪካ አዞሩ፤ ከዚያ ወዲህ ኦራሎች በብዛት የሚወጡት የያሮስላቭል ሞተር ተገጥሞላቸው ነው።

ደርግ የወደቀው ግንቦት 1983 ነው። እሳቱ የተነሣው ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። አያችሁ ነገሩን? ንጹህ የደርግ 4320 ከሆነ ሆዱ ውስጥ መገኘት ያለበት ካማዝ ነው።

ኮፈኑ ተከፈተ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉና ዝም ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የአክስቴን ልጅ ጠሩት።

«ና ቁጠር። የካማዝ ሞተር ለያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ክዳን አለው፤ በዚህ ጎን አራት ትንንሽ፣ በዚያ ጎን አራት ትንንሽ። ስንት ታያለህ?»

«አንድ… በዚህ በኩል አንድ ረጅም። በዚያም አንድ።»

«ይህ ያሮስላቭል ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ።» ብረቱን በጨርቅ ጠረጉት፤ የተገለበጠች አር የምትመስል ፊደል ወጣች። «ይቺ የነሱ ‹ያ› ናት። ያሮስላቭል ማለት ነው። እንግዲህ ወይ መኪናው ደርግን አያውቀውም፣ ወይ ሞተሩ ከሌላ መኪና ወጥቶ ነው የገባው። ሻንሲውና የድሮው ቀለም የደርግ ይመስለኛል። ስለዚህ ሞተሩ እንግዳ ነው።»

ደላላው አሁን መሳቅ ትቷል። ቁልፉን ኪሱ ከተተና የማልረሳውን ቃል ተናገረ፡-

«ፋዘር፣ መኪና ሥራው እንጂ ዘሩ አይጠየቅም!»

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው በየትኛው ሀገር ነው የሚኖረው? እኛ ቤት ለመከራየት፣ ለመቀጠር፣ ሴት ልጅ ለማጨት፣ አንዳንዴም ታክሲ ውስጥ ተጨንቆ ለመቀመጥ ጭምር ከየት ነህ የምንባባል ሰዎች ነን። አያትህ ማን ነው፣ ቅድመ አያትህስ? ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ጓደኛዬ ሥራ ፍለጋ ሄዶ ሦስት ሰዎች በሦስት መንገድ የአባቱን ሀገር ጠይቀውታል፤ ሦስቱም ምን መሥራት እንደሚችል አልጠየቁትም። እንዲህ ዘር ስንቆጥር የምንውል ሰዎች፣ ዘሩ በእርግጥ የሚያስፈልገውን፣ ከተሳሳትን ፍሬኑ እምቢ ብሎ ገደል የሚከተንን፣ የቤተሰብ ጥሪት ተሽጦ የሚገዛውን ነገር ግን «ሥራው እንጂ ዘሩ አይጠየቅም» እንላለን። ለሰው ቢሆን ኖሮ ደላላውን ግንባሩን እስመው ነበር።

ሽማግሌው ግን አልተቆጡም። «ልጄ፣ ዘሩ ንጹህ ይሁን አላልኩም» አሉት። «ድብልቅ መኪና ነድቼ አላውቅም መሰለህ? ድብልቅ ክፉ አይደለም። ይህ ሞተር ጠንካራ ነው፤ ክራዝም ማዝም ዘመዶቹ ናቸው። ክፉው ነገር ድብልቁን ንጹህ ብለህ መሸጥህ ነው። ይህ ልጅ ነገ ፍሪሲዮን ያልቅበታል። የካማዝ ዲስክ ይገዛል። ይገጥምለታል?»

እዚህ ላይ ነው የመኪና ምንጭ ጉዳይ ከወሬ ወደ ገንዘብ የሚቀየረው። ጎማው ስንት ቁጥር ነው? ኦራል 14.00-20 ይለብሳል፣ ዚል 131 ደግሞ 12.00-20፤ ጎማው ጎን ላይ ተጽፎ ያለ ነገር ነው፣ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ብሎኑስ? የድሮው የአሜሪካ ጦር መኪና ብሎን በኢንች ነው፤ የራሻና የጀርመን በሚሊ ሜትር። የግማሽ ኢንች ብሎን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ13 ቁልፍ ይያዛል፣ ትንሽ ይዞራል፣ ከዚያ ጠርዙ ተበልቶ ይቀራል። ሽማግሌው እንደሚሉት ወጣት ሆነው ከአሜሪካኖቹ የቀሩትን መኪናዎች ሲፈቱ ስንት ብሎን እንደበሉ አይቆጠርም፤ ወደ በኋላ ቁልፏ አያያዟ ብቻ የመኪናውን ሀገር ይነግራቸው ነበር።

የአሜሪካኖቹን ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። አፄ ኃይለ ሥላሴ ግንቦት 1945 ላይ ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ስምምነት ከፈረሙ ጀምሮ ደርግ ሚያዝያ 1969 ላይ የጦር አማካሪዎቻቸውን እስኪያባርር ድረስ ጦራችን የአሜሪካ መሣሪያ የታጠቀ ነበር። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ጦር ዋና ጫኝ ኤም 35 የሚባለው ባለ ሁለት ቶን ተኩል ነው። ለዓይን አንድ መኪና ነው፤ አባቶቹ ግን ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1950 ሪዮ ጀመረው፣ ስቱድቤከርም ሠራው፤ ስቱድቤከር የሠራበትን ፋብሪካ በ1964 ካይዘር ጂፕ ገዛው፣ ቀጥሎም ኤኤም ጄኔራል ተረከበው። በኋላ ደቡብ ኮሪያዎች ተመሳሳዩን በራሳቸው ስም ማምረት ያዙ። የሚለየው ጋቢናው ውስጥ የተመቱት ሰሌዳዎች ላይ ነው፤ አምራቹ፣ የኮንትራት ቁጥሩ፣ የተረከቡበት ወር ሳይቀር እዚያ አለ። ሰሌዳው ተነቅሎ ከሄደ ግን አራቱም አባቶች ልጁን ይክዱታል።

እኛ ደግሞ ሰሌዳ መንቀል እንወዳለን። ቀለም ቀቢው ይነቅላል፣ ቆርቆሮ ሰብሳቢው ይነቅላል፣ «ለማስታወሻ» የሚነቅል አለ። ገዢው ሲመጣ ታሪኩን ከደላላው አፍ ይሰማል።

የመኪና ታሪክ ለሾፌርና ለመካኒክ ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖራል። የትኛውም የቆየ ጋራዥ ጓሮ ገብታችሁ እዩ። ጣልያን በ1928 ሲወረን ይዞት የመጣው መኪና ዛሬ ዝጎ አልቆ ይሆናል፤ ግን ቃሉ አልዛገም። ጋቢና፣ ኮፈን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፤ የራሻውን ኦራል የምንፈታው እንኳን በጣልያንኛ ነው። ከሶቪየት ጋር ከ1970 ጀምሮ አሥራ ምናምን ዓመት በወዳጅነት ስንኖር ያ ሁሉ መኪና ገባ፤ ጋራዥ ውስጥ ግን አንድም የራሻ ቃል ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ከማን ጋር እንደተወዳጀን፣ ከማን ጋር እንደተጣላን፣ ማን ሲርበን እንደደረሰ ብረቱ ላይ አለ። በ1977ቱ ድርቅ ሶቪየቶች ከአውሮፕላንና ከሄሊኮፕተር ጋር 300 የሚሆኑ የጭነት መኪናዎች ልከው ነበር። እነዚያ መኪናዎች እህልም ጭነዋል፤ ለሰፈራ የተነሣ ሕዝብም ጭነዋል፣ ወዶ የሄደውንም ሳይወድ የሄደውንም። በዚያ የተጫነ ሰው ልጁን «በምን መጣን?» ብሎ ሲያስረዳ ከፎቶ ሥር የምንጽፈው ነገር ሊረዳው ይገባ ነበር።

ፎቶም እንደ ደላላ ይዋሻል፤ ወይም እኛ እናስዋሸዋለን። «የ1966ቱ የወሎ ድርቅ» ተብሎ የተጻፈበት ፎቶ ላይ 4320 ኦራል ካያችሁ መግለጫውን አትመኑት። ያ መኪና ከፋብሪካ መውጣት የጀመረው ከዚያ ከዓመታት በኋላ ነው። ኢፋ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይረቅቃል። ደብሊው 50 እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1990 ድረስ ከ570 ሺህ በላይ ተሠርቷል፤ መልኩ ያን ያህል አልተቀየረም። ሁለቱ ጀርመኖች ሲዋሐዱ የምሥራቁ ጦር ዕቃ ሁሉ ትርፍ ሆነ፤ ብዙው መኪና ተሸጠ፣ ለእርዳታ ድርጅቶችም ተሰጠ። ስለዚህ አንድ ኢፋ በደርግ ጊዜ ከነአዲሱ የመጣ ነው ወይስ የፈረሰ አገር ትርፍ ሆኖ በእርዳታ የመጣ? ጋቢናው አይነግራችሁም። ሰሌዳው፣ የመብራቱ መስታወት ላይ ያለው ጽሑፍ፣ የሥር ቀለሙ ይነግራችኋል፤ ጎንበስ ካላችሁ።

የማንጎነበስ ሰዎች ሆነናል፣ ይኸው ነው ቅሬታዬ። እኔም ያልጎነበስኩ ነበርኩ።

ግቢው ውስጥ ክርክሩ እስከ ምሳ ሰዓት ቆየ። ደላላው ቀብዱን አልመልስም አለ፤ ባለ መኪናው በስልክ መጣ፣ ሄደ፣ እንደገና መጣ። ሽማግሌው ጉቶ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን በናፍጣ ጨርቅ ይጠርጋሉ። የአክስቴ ልጅ ወደኔ ጠጋ ብሎ «ልተወው እንዴ?» አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ። እሳቸውን ጠየቃቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ይገዙታል?»

«ባለ ቢጫ ቀለም፣ የያሮስላቭል ሞተር የገባለት፣ የሠራ መኪና ነው። በዚያ ዋጋ ከሆነ እገዛዋለሁ። በኦራል ዋጋ አልገዛም።»

በዚያ ዋጋ ለመግዛት ሁለት ሳምንት ፈጀ። የተቀነሰው ከቀብዱ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። አሁን መኪናው ድንጋይ ይጭናል። ኮፈኑ ላይ ያለውን ስም አልነካውም፤ ረዳቱም «ኦራሉ» ነው የሚለው። በስድስተኛው ወር ፍሪሲዮኑ አለቀ። ሱቅ ሄዶ «የኦራል» ሲል የካማዝ አወጡለት። «የያሮስላቭል፣ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ» ሲላቸው ባለ ሱቁ ቀና ብሎ አየውና «መካኒክ ነህ?» አለው። ይህን ሲነግረኝ የነበረው ደስታ መኪናውን ሲገዛ ከነበረው ይበልጣል።

ሽማግሌው ለቅዳሜው ድካማቸው ገንዘብ አልቀበልም አሉ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ያንን የ50 ኩንታል ነገር እንዳርመው። ለአዘጋጁ አቀረብኩ። «ሁለት ዓመት ያለፈው የፎቶ መግለጫ! ማን ያስታውሰዋል?» ተባልኩ። ቦታ የለም ተባለ። ደጋግሜ ጠየቅኩ፣ ደጋግሞ ቦታ ጠፋ። አሁን ጽሑፎቼ በመጽሐፍ ሲሰበሰቡ ቦታውን የምቆርጠው እኔ ስለሆንኩ እነሆ፡-

እርማት። ስለ 1977ቱ ድርቅ ከጻፍኩት ጽሑፍ ጋር በወጣው ፎቶ ላይ የሚታየው መኪና ኦራል አይደለም። ዚል 131 ነው። የጫነው 50 ኩንታል ሳይሆን 35 ኩንታል ነው። የጎደለ እህል የለም።